ይድረስ ለክቡር ሲአር 2032 ሳንቲም መሰል ባትሪ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ ጉልበትዎ ማነስ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ በጎንደር ከተማ የምንኖር የገመድ አልባ ሴንሰር (የበር መከፈትን፣ ሙቀትን፣ የውኃ ፍሳሽን የሚያሳውቅ ትንሽ መሣሪያ) ባለቤቶች፣ እርስዎ ካልደከሙብን በቀር ደህና ነን።

ስምዎ ራሱ መታወቂያ ነው፤ 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት። ፒያሳ ወርዶ እርስዎን ለጠየቀ ግን ታናሽዎ 2025 ይቀርብለትና «ያው ነው» ይባላል። ያው አይደለም። 0.7 ሚሊሜትር ይጎድለዋል፤ ጎዶሎዋን ለመሙላት የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ታጥፎ ይጠቀጠቃል። በሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ጓ ብሎ ሲዘጋ ወረቀቱ ይንሸራተታል። ዕድል ከቀና ሴንሰሩ ዝም ይላል፤ ካልቀና ብርማው ከኔጌቲቩ ፊት አልፎ ጠርዝዎን ይነካና ሾርት አድርጎ ማታውኑ ይጨርስዎታል።

መገኛዎንማ እናውቃለን፦ ሰዓት ጥገና፣ ኮምፒውተር ጥገና፣ የመኪና ቁልፍ ቤት። የሚያሳዝነው አኗኗርዎ ነው። እንደርስዎ ያለ ክቡር በአንድ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ከዘመድ አዝማድ ጋር ተደራርቦ፣ ፖዘቲቩ የሌላውን ኔጌቲቭ እየነካ፣ ሳይሸጥ በፊት ያልቃል። ርካሽ የተባሉትም በዚሁ ነው። በማሸጊያዎ ውስጥ ሆነው፣ የማብቂያ ዘመንዎ ታትሞ ሲገኙ ግን በዓመት የሚያጡት 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ቢወጡ ደግሞ 3 ግራም ገደማ መሆን አለብዎ፤ በጣም ከቀለሉ ሆድዎ ባዶ ነው።

በመልቲሜትር ሲለኩማ ማን ይችልዎታል! 3 ቮልት ብለው ደረትዎን ይነፋሉ። ሥራ ሳይሰጥዎ ነዋ። ስለዚህ 100 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) በሁለቱ ፊቶችዎ መሃል ለሁለት ሰከንድ ይገባል፤ 30 ሚሊአምፔር ያህል ሲጠየቁ ከ2.5 ቮልት በታች ከወረዱ ይሸኛሉ። ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ የሚወስደው ጥቂት ማይክሮአምፔር ነው፤ መልእክት ሲልክ ግን ለቅጽበት በሺህ እጥፍ ይጠይቃል። ያረጀ ባትሪ የውስጥ ሬዚስታንሱ ስለሚጨምር በዚያች ቅጽበት ይወድቃል፣ ሴንሰሩም እንደ አዲስ ይነሣል።

ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ በብርዳማ ሌሊት ደጅ በር ላይ ይሞታሉ፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያገኙ ይነሣሉ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ተከፍቶ የተረሳው ቧንቧ ሌሊት ሲለቀቅ፣ ሮቶው ሥር ያለው የፍሳሽ ሴንሰር እርስዎን አምኖ ነበር።

ጥፋቱ ሁሉ የእርስዎ ነው አላልንም። መብራት ሲጠፋ ሀቡም (ሴንሰሮቹ መልእክት የሚልኩለት ሣጥን) አብሮ ይጠፋል፤ ብዙዎቹ በዚግቢ (በአንድ ዓይነት የገመድ አልባ ግንኙነት) የሚሠሩ ሴንሰሮች ታዲያ «የት አለህ?» እያሉ ሲጣሩ እርስዎን ይጨርሱዎታል። ሀቡን በትንሽ ባለ 12 ወይም ባለ 5 ቮልት መጠባበቂያ ባትሪ፣ ማለትም ዩፒኤስ (በሀቡ አዳፕተር ላይ የተጻፈውን አይቶ) ማቆየት ባትሪ ደጋግሞ ከመለወጥ ይሻላል። የሙቀት ሴንሰሩንም በየደቂቃው ከማስለፍለፍ በየ10 ደቂቃው ማድረግ ነው፤ ሳሎን በደቂቃ አይቀዘቅዝም።

አሁን ወደ መርዶው እንሂድ። በየሱቁ የሚገኘው ባለ ኤኤ የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ ቦታዎን እየወሰደ ነው። ሁለቱ በተርታ ሲያያዙ 3 ቮልት ናቸው፤ የእርስዎ 220 ሚሊአምፔር ሰዓት ሲሆን የእነርሱ ከ2,000 ያልፋል። አሠራሩ፦ ሁለት ድንጋይ የሚይዝ ማቀፊያ፣ አጭር ቀይና ጥቁር ሽቦ፣ የመበየጃ ካውያ። ሽቦው የሚበየደው በሴንሰሩ ብረቶች ላይ ነው፤ ቀዩ የእርስዎን ሰፊ ፊት (የ+ ምልክት ያለበትን) በሚነካው ላይ፣ ጥቁሩ በሌላው ላይ። በእርስዎ ገላ ላይ በፍጹም አይበየድም፤ ሙቀቱ ሊያፈነዳዎ ይችላል። አስቀድመውም ከቦታዎ ይነሣሉ፤ አብረው ከቀሩ ድንጋዮቹ ቻርጅ ሊያደርጉዎ ይሞክራሉ፣ እርስዎ ደግሞ ለዚያ አልተፈጠሩም። ድንጋዩ አልካላይን ይሁን፤ ተራው ቶሎ ያልቃል፣ ሲቆይም አሲዱ ፈሶ ብረቱን ይበላል።

ከመሰናበታችን በፊት፣ ቀልድ የሌለበት አንድ ክስ አለብዎ፦ ሕፃን ከዋጠዎ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ሊያቃጥሉ ይችላሉ። ስለዚህ ያለቀዎትም ቢሆኑ ሁለቱ ፊቶችዎ በፕላስተር ተለጥፈው፣ ልጅ የማይደርስበት ይቀመጣሉ፤ የዋጠ ልጅ ካለም እስኪያመው ሳይጠበቅ ወዲያው ሆስፒታል ነው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሲአር 2450፤ 2032 በእርስዎ ወንበር እንዳይቀመጥ ይጠንቀቁ፤ ጉልበቱ የእርስዎ ሲሶ ገደማ ነው።
ለኤልአይአር 2032፤ «ቻርጅ ይደረጋል» ተብለው ነው የሚሸጡት፤ ሲሞሉ 4.2 ቮልት፣ ሥራ ላይ 40 ሚሊአምፔር ሰዓት። ለ3 ቮልት የተሠራ ሴንሰር ደጃፍ እንዳይደርሱ።