የአስተርጓሚ ያለህ የሚል ሰርቨር

አንድን የዌብ አፕሊኬሽን በአንድ የሰርቨር ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጀምሮ በዚያው መጨረስ የሰነፍ ሥራ ነው። በፒኤችፒ ጀመሩ፣ በፒኤችፒ ጨረሱ፤ ምኑ ላይ ነው ሙያው? እኔ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳው መግቢያውን በፒኤችፒ፣ ክፍያውን በኖድ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ በሚያሠራው)፣ ሪፖርቱን በፓይተን ሠርተው፣ ኢሜይል መላኪያውን «ለማንኛውም» ብለው በሩቢ ለሚያቆሙት ጀግኖች ነው።

ሙያው ደግሞ ትናንት የመጣ አይምሰላችሁ። ማይክሮሶፍት በ1996 ኤኤስፒ የተባለውን የሰርቨር ገጽ መሥሪያ ሲያወጣ በአንዲት ገጽ ላይ ቪቢስክሪፕትና ጄስክሪፕት የሚባሉ ሁለት ቋንቋዎችን ማደባለቅ ይቻል ነበር። ደስ የሚለው፣ ኮዱ በተጻፈበት ተራ የመሥራት ግዴታ የለበትም፤ ታች የተጻፈው ላይ ካለው ቀድሞ ሊነሳ ይችላል። ያም ሆኖ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖሩ ነበር። የዛሬዎቹ ጎበዞች ይህን አሻሽለውታል፦ ፒኤችፒው ፓይተኑን በሼል (በትእዛዝ መስጫው) ይጠራል፣ ፓይተኑ ያተመውን ጽሑፍ ቆራርጦ ያነባል። ፓይተኑ አንድ ቀን አንዲት ትርፍ መስመር ካተመ፣ የደንበኛው ቀሪ ሂሳብ ቦታ ላይ «እባክዎ ቨርሽኑን ያሻሽሉ» የሚል ቁጥር ይሰፍራል።

ጥበቡ ያለው ግን ድንበሩ ላይ ነው። ዜሮን እንይ፤ «እውነት ወይስ ሐሰት?» ተብለው ሲጠየቁ ቋንቋዎቹ አይስማሙበትም። ቁጥሩ 0 ለፒኤችፒ፣ ለፓይተንና ለጃቫስክሪፕት ሐሰት ነው፤ ለሩቢ እውነት ነው። በጽሑፍ መልክ «0» ሲሆን ደግሞ ሐሰት የሚለው ፒኤችፒ ብቻ ነው፣ ሦስቱ እውነት ነው ብለው ይምላሉ። ስለዚህ «ኢሜይል አትላኩብኝ» ያለ ደንበኛ ዳታቤዙ ውስጥ 0 ይመዘገብለታል፤ ፒኤችፒ ቃሉን ያከብርለታል፣ ሩቢ ጋ ሲደርስ ግን ኢሜይሉ ይዘንብበታል። በአንድ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ የሐሳብ ነጻነት የት ይገኛል?

ፓስወርዱም አለ። ደንቡ «ቢያንስ 8 ፊደል» ይላል። ደንበኛው «ሰላም» ብሎ ጻፈ። የፒኤችፒ የተለመደው ቆጣሪ የሚቆጥረው ባይት (የኮምፒውተር ማከማቻ መለኪያ) ነው፤ የእኛ አንድ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል አመዘጋገብ 3 ባይት ትይዛለችና 9 ብሎ በክብር አሳለፈው። በማግስቱ ሊገባ ሲል በሩ ላይ የቆመው ፓይተን ነበር፤ እሱ ፊደል ነው የሚቆጥረው፣ «3 ነው» ብሎ መለሰው። ሰውየው የተመዘገበ ነው፣ የሚገባበት ግን የለውም። ሌባም አይገባ፣ ባለቤቱም አይገባ፤ ጥበቃ ማለት ይህ ነው።

እኔም አልቀረሁም፣ የድርሻዬን አዋጥቻለሁ። ከ1970 መጀመሪያ አንስቶ ፒኤችፒ ጊዜን በሰከንድ፣ ጃቫስክሪፕት በሚሊሰከንድ ይቆጥራሉ። የሴሽን (ተጠቃሚው ገብቶ የሚቆይበት ጊዜ) ማብቂያውን ከፒኤችፒው በኩል 1700000000 ብዬ አስቀመጥኩ፤ ኖቬምበር 2023 ማለቴ ነበር። ኖዱ አንብቦ «ይሄማ ጃንዋሪ 20 ቀን 1970 አልቋል» አለና ተጠቃሚውን ሁሉ አባረረ። ባልደረባዬ ሊያርም ገብቶ ገለበጠው፦ ኖዱ ይጽፋል፣ ፒኤችፒው ያነባል። አሁን የአንድ ሰው ሴሽን የሚያበቃው ከሃምሳ ሺህ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህኛው እስካሁን ቅሬታ አልቀረበልንም።

ስህተት ሲፈጠርማ ኑሯችን ሠርግ ነው። አራት ዓይነት ሎግ (የሥራ መዝገብ) በአራት ዓይነት ቀን አጻጻፍ ይከፈታል፤ የፒኤችፒው ሰው «ከኖዱ ነው» ይላል፣ የኖዱ «ከፓይተኑ ነው» ይላል፣ የሩቢው ሰው ከለቀቀ ቆይቷል። ኮዱን የሚነካ የለም፤ የሚያስብለት ያለው ቅርስ እንኳ እንዲህ አይከበርም።

ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ ልጅ ተቀጠረ። ኮዱን ከላይ እስከ ታች አየው፣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፣ ከዚያ «ይሄን ሁሉ በአንድ ቋንቋ መሰብሰብ አይሻልም?» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። የዘመናት ልፋታችን ሊናድ ነው ብለን ተያየን።

«በምን ቋንቋ?» አሉት አለቃችን፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ።

«በፐርል።»

እፎይ ብለን አቀፍነው። የመጀመሪያዋን ፋይል ትናንት ጨምሯል።