ለከርሞ የተቀጠረው ቀለም

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ የንግድ ሕንፃ ባለቤቶች የሚያፈሰውን የኮንክሪት ጣሪያቸውን ስፕሬይ ፎም (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚረጭ፣ አብጦ የሚደርቅ ፕላስቲክ) ሊያስረጩ ወስነዋል። ይሁን። ግን «ፎሙ ዘንድሮ ይረጭ፣ ቀለሙ በጀት ሲገኝ ለከርሞ ይቀባል» ብለው ጨመሩበት። ለምን ሲባሉ የሰጡት መልስ ደግሞ የባሰ ነው፦ የፋሲል ግንብም ቀለም ሳይቀባ ነው እስከ ዛሬ የቆመው!

የፋሲል ግንብ ድንጋይና ኖራ ነው። ፎም ፕላስቲክ ነው። ሁለቱን መለየት ያቃተው ሰው ስለ ጣሪያ ድምፅ ባይሰጥ ይሻል ነበር።

ያሳሳታቸው «ቀለም» የሚለው ስም ይመስለኛል። ነገሩ የሲሊኮን ወይም የአክሪሊክ ሽፋን ነው፤ ሥራው ፎሙን ከፀሐይ መከለል እንጂ ማሳመር አይደለም። ፎሙ የተሠራበት ፕላስቲክ፣ ፖሊዩሬቴን፣ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር አይችልም። መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል፤ ከዚያ ላዩ ዱቄት ሆኖ በጣት ሲነኩት ይረግፋል። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ጨረሩ ከቆላው ይበረታል። የረገፈውን ክረምት ያጥበዋል፣ በቦታው ጉድጓድ ይቀራል፣ ጉድጓዱ ውሃ ይቋጥራል። ለከርሞ ባልዲያቸውን ይዘው ሲወጡስ? ዱቄት ላይ የሚጣበቅ ሽፋን የለም። የተበላሸውን ፍቆ፣ ዳግም ረጭቶ፣ ከዚያ መቀባት ነው። ቆጠብን ያሉትን ከነወለዱ ይከፍላሉ። ሽፋኑ ፎሙ በተረጨ በ72 ሰዓት ውስጥ ካላረፈ ባይጀመር ይሻላል።

ልኩም አለ። ሲደርቅ ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ሁለት ጊዜ ይቀባል፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በቀለም ቢለይ የተዘለለውን ቦታ ወዲያው ያጋልጣል። 1 ሊትር በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር እርጥብ ውፍረት ይሰጣል፤ ግማሹ ውሃ የሆነ አክሪሊክ ከሆነ ሲደርቅ ግማሽ ሚሊ ይቀራል። ስለዚህ ለ400 ካሬ ጣሪያ አምስት ባለ 20 ሊትር ባልዲ ይዞ የመጣ ተቋራጭ ጣሪያውን አስነክቶት ነው የሚወርደው። ይህም የፎሙ ገጽ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሆነ ነው፤ እንደ ፈንዲሻ ከጎረበጠ ሽፋኑን ይውጠዋል፣ ቀዳዳም ይተርፋል። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ ደግሞ አክሪሊክ አይሆንም፤ ሲሊኮን ነው።

ፎሙን አልጠላም። በ4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካሬው 2 ኪሎ ገደማ ነው፣ መጋጠሚያ የለውም፣ ሙቀትና ብርድ ይከላከላል። ግን ርጥበት ጠላቱ ነው፤ ከሁለቱ ፈሳሾች አንዱ፣ አይሶሳይነቱ፣ ውሃ ሲያገኝ ጋዝ ያወጣል፤ ፎሙም ያብጣል፣ ይላቀቃል። ከመርጨት በፊት ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ላስቲክ ኮንክሪቱ ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎ እስከ ማግስቱ ማቆየት ነው። ከላስቲኩ ሥር ላብ ከታየ ኮንክሪቱ ገና እርጥብ ነውና መርጨቱ ይዘግይ። ጠዋት ጤዛ ሳይደርቅም አይረጭም። ነፋስ ካለ ብናኙ መንገድ ዳር የቆመ መኪና ላይ ያርፋል፤ ያን ማስለቀቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ገንዘቡ ለሁለቱም አልበቃ ካለ፣ በብዛት የሚያፈሰውን ግማሽ ጣሪያ ረጭቶና ሸፍኖ ጨርሶ፣ ሌላውን ባለበት መተው ይቻላል። ለዚያኛው ለዘንድሮ የአሸንዳውን ቆሻሻ መጥረግና ስንጥቁን በካትራሜ መድፈን ይበቃዋል።