ተቆልሎ ነው ተጠርጎ?

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ወርዳ አንድ ጣሳ ሽምብራ የምትገዛ ሴት ስንት ኪሎ እንደገዛች አታውቅም። ሻጯም አታውቅም። ሁለቱም ግን ስለ ጣሳው አፍ ይጨቃጨቃሉ። ሻጯ ሞልታ በመዳፏ ልትጠርገው ስትል ገዢዋ እጇን ቀብ ታደርጋለች። «ኧረ ቆይ! ቆልይልኝ እንጂ!» ትቆልላለች። «መርቂልኝ!» አንድ እፍኝ ትመርቃለች። ጣሳው ስንት ሆነ? እሱን ጣሳውም አያውቀው።

ችግሩ ጣሳ የሚለካው ቦታን እንጂ ክብደትን አለመሆኑ ነው። ጨዋው ውሃ ብቻ ነው፤ ሊትሩ አንድ ኪሎ ነው፣ አበቃ። ዘይት ይቀልላል፤ ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን 4.6 ኪሎ ገደማ ነው። ማር ደግሞ ድብን ያለ ከባድ ነው፤ ሊትሩ ወደ 1.4 ኪሎ ይመዝናል።

እንግዲህ ጠጅ ጣይዋን አስቧት። «አንድ እጅ ማር፣ ሦስት እጅ ውሃ» ተብላለች። ማሩን 3 ኪሎ ገዛች፣ ውሃውን 9 ሊትር ቀዳች። በክብደት ከሄድን ልክ ናት። በጣሳ ከሄድን ግን ያ ማር 2 ሊትር ከምናምን ስለሆነ ውሃው ከ6 ሊትር ተኩል አያልፍም ነበር። ሰርገኛው «ጠጁ ቀጠነብን» ብሎ ሲያማ፣ እሷ በማር ነጋዴው ትምላለች። እጅ የተባለው የማን እጅ እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ውጭ አገር ያለች ልጅ ስትደውል ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

«እማዬ፣ ለዶሮው በርበሬ ስንት ግራም ላድርግ?»

«የምን ግራም ነው? እስኪበቃው ነዋ!»

«እስኪበቃው ስንት ነው?»

«አንቺ ልጅ፣ ዓይን የለሽም?»

እዚህ ያሉት ወጣቶች በበኩላቸው ከስልክ ላይ ኬክ ይማራሉ። «ሁለት ካፕ ዱቄት» ይላል ቪዲዮው። የአሜሪካኖቹ ካፕ 240 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። እኛ ቤት ያለው የቡና ሲኒ ነው፤ ሦስቱ ተደምረው እንኳ አንዱን ካፕ መሙላታቸው እንጃ። ካፑ ቢገኝም ገና ነው። ሳይጠቀጠቅ የተሞላ ካፕ ዱቄት 120 ግራም ገደማ ነው፤ ጠቅጥቀው ከሞሉት 150 ይደርሳል። በዚያው ካፕ ስኳር 200 ግራም ነው።

ይህን ሂሳብ ትምህርት ቤት ሳትገባ የምታውቀው ግን ዱቄት የምትበደረው ጎረቤት ናት። ብርጭቆዋን ይዛ ትመጣለች። «አንቺ አትቸገሪ፣ እኔው ልሙላው» ትላለች። ትሞላለች፣ ነቅነቅ ታደርጋለች፣ በማንኪያ ጀርባ ጫን ጫን ታደርጋለች፣ ከላይ ትቆልላለች። ስትመልስ ዱቄቱ በወንፊት ተነፍቶ፣ እንደ ላባ ቀሎ፣ ከአፉ እኩል ተጠርጎ ይመጣል። ቢያንስ 30 ግራም መንገድ ላይ ቀርቷል። ክርክር ውስጥ እንዳትገቡ። አንድ ብርጭቆ ወጣ፣ አንድ ብርጭቆ ገባ፤ ብርጭቆውም ያው የራሷ ነው።

ሚዛን ይዞ በር ላይ መቆም ይቻላል፤ የሚከለክል ሕግ የለም። ብቻ ወሬው በማግስቱ ሰፈሩን ያዳርሳል፤ ለቡና የሚጠራችሁም አይኖርም። ያኔ እሷን የምናማት የት ተቀምጠን ነው?