በ1 ጊጋ ራም ካርታ ማስነሳት

ወገኖች፣ ዛሬስ ካልተነፈስኩ አይወጣልኝም። 1 ጊጋ ራም (ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚይዙት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ባለው ርካሽ የኪራይ ሰርቨር፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚከራይ ኮምፒውተር፣ የራሴን ካርታ ላስነሳ እየታገልኩ ነው።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የደብረ ማርቆስ ብርድ አጥንት ይገባል። ጋቢ ተከናንቤ ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጫለሁ። የካርታው ዳታ ፖስትጊስ ወደሚባለው የካርታ መረጃ ማከማቻ (ዳታቤዝ) መግባት ከጀመረ አምስት ሰዓት አልፎታል። አለቀ ስል አንዲት ቃል ብቅ አለች፦ «ኪልድ» (ተገደለ)። በቃ! የአምስት ሰዓት ልፋት ውኃ በላው።

ለማታውቁት ላስረዳ። ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ ራም ሲያልቅበት ራሱን ለማዳን አንዱን ፕሮግራም ይገድላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው ብዙ ራም የያዘውን ነው። ካርታ ሰርቨር ላይ ብዙ የሚይዘው ማን ነው? ወይ ዳታ አስገቢው፣ ወይ ዳታቤዙ። ሁለቱም ከሌሉ ደግሞ ምን ካርታ አለ?

«ስዋፕ ጨምር» ትሉኛላችሁ። ጨምሬያለሁ። ስዋፕ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ነው። ርካሽ ሰርቨር ላይ ግን ዲስኩንም ከማናውቀው ሰው ጋር ነው የምንጋራው። ካርታው የሚገጣጠመው ከትንንሽ ምስሎች ነው፤ 256 በ256 ፒክስል የሆነች አንዲት ቁራጭ ምስል እስክትመጣ ሰው ታክቶት ይዘጋዋል።

በጣም የሚያናድደኝ ሰርቨር አከራዮቹ «ለማንኛውም ሥራ ይበቃል» ብለው መሸጣቸው ነው። አይበቃም! እኔ ጋ በ1 ጊጋ ዳታቤዙና ምስሎቹን የሚሥለው ፕሮግራም አብረው መኖር አልቻሉም። ይህን ቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? 2 ጊጋ ልውሰድ ስል ክፍያው በዶላር ነው። ብር ይዤ ዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ሰው ደጅ ስጠና እከርማለሁ።

«ታዲያ ለምን ትደክማለህ?» የሚል አይጠፋም። የደጀንና የቢቸና አስፋልት የትም ካርታ ላይ አለ። ከጮቄ ተራራ ሥር ያሉት የእግር መንገዶች፣ ምንጮቹ፣ በክረምት ወንዝ ሲሞላ ሰው የሚሻገርባቸው ድልድዮችስ? እነሱን እየዞርን ኦፕንስትሪትማፕ በሚባለው፣ ማንም ሰው ሊጨምርበት በሚችለው ነፃ ካርታ ላይ ያስገባናቸው እኛ ነን። ክረምት ሲገባ «በየት ልሂድ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። በአማርኛ ስም የተጻፈበት ካርታ ላሳየው ነው የምለፋው።

አንድ መላ አለ። ካርታውን ቤት፣ ላፕቶፕ ላይ ሥሎ ምስሎቹን ብቻ መጫን። ያኔ ሰርቨሩ ፋይል ከማቀበል ሌላ ሥራ የለውም፣ 1 ጊጋም ይተርፈዋል። ግን ካርታው በአንድ ደረጃ በቀረበ ቁጥር የምስሎቹ ብዛት አራት እጥፍ ይሆናል። ለመላው ዓለም 10ኛው ደረጃ ላይ ከ1 ሚሊዮን በላይ ነው፣ 18ኛው ላይ ከ68 ቢሊዮን ያልፋል። ለጎጃም ብቻ እስከ 14 ብሥል ይቀለኛል። የእግር መንገዱ በደንብ የሚነበበው ግን ከ16 በላይ ነው። እሱን ስጀምር ደግሞ መብራት ይጠፋል።

ከእናንተ በትንሽ ራም ያስነሳ ካለ፣ እባካችሁ እንዴት እንደሆነ ጻፉልኝ። እኔ እንደገና አስጀምሬዋለሁ። የካርታውን ነጥቦች እየቆጠረ ነው።