የእድር ጡሩንባ ለጎርፍም ይነፋ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ የምንኖር ሐበሾች ስልካችን ድንገት ሲጮህ የምናደርገው ነገር ያበሳጨኛል። የአደጋ ማስጠንቀቂያውን ጩኸት ታውቁታላችሁ። ድግስ ላይም ሆነ ሥራ ቦታ የሁሉም ሰው ስልክ እኩል ያምባርቃል። ሰዉ «ኤጭ፣ ደግሞ ጀመረ!» ብሎ ያጠፋና ወደ ወሬው ይመለሳል። አንድ ወዳጄማ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ጭራሽ ዘግቶታል። ምክንያቱ እንቅልፍ ነሳኝ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ፣ ያ የምንዘጋው መልእክት አገር ቤት ቢኖር ኖሮ ስንት ሰው ይተርፍ እንደነበር ሳስብ ነው።

እስቲ አንዴ ልብ ብላችሁ አንብቡት። እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2024 ቶርኔዶ፣ ማለትም ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ እዚሁ ሰፈራችን መጥቶ ነበር። ጌተርስበርግ አካባቢ ዛፍ ቤት ላይ ወድቆ ሰው ተጎድቷል። እንዲህ ባለው ጊዜ የሚመጣው መልእክት ሐተታ የለውም። አደጋው ምን እንደሆነ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ አሁኑኑ ምን እንደምታደርግ ይነግርሃል። ቤዝመንት (ከመሬት በታች ያለው ክፍል) ግባ፤ ቤዝመንት ከሌለህ ታችኛው ወለል ላይ መስኮት የሌለው ክፍል ግባ። አለቀ። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው ለካውንቲው በጅምላ ሳይሆን ማዕበሉ ለሚያልፍበት ቦታ ለይቶ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ደግሞ በዚያ አካባቢ ላለው ስልክ ሁሉ ይደርሳል። ቁጥርህን ለማንም መስጠት አይጠበቅብህም። ከዚያ በላይ ከፈለግህ ካውንቲው በነፃ ይመዘግብህና በቴክስትና በኢሜይል ይልክልሃል።

የአገር ቤቱ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ምን ይላል? «በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍሎች ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል፤ ኅብረተሰቡ አስፈላጊውን ጥንቃቄ ያድርግ።» የትኛው ኅብረተሰብ? የትኛው ሰፈር? ምን ዓይነት ጥንቃቄ? ባለሙያዎቹን አልወቅስም። ደመናውን ያያሉ፤ ትንበያውንም ያወጣሉ። ነገር ግን ወሬው ቀበሌ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል።

ድሬዳዋን አስቡ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ከላይ ደጋው ላይ ነበር የወረደው። የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከተማው ውስጥ ገባ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ብዙው ተኝቶ ነበር። ከደጋው አንድ ሰው ደውሎ «ውሃው እየመጣ ነው» ቢል፣ ታች ያለው ሰው ልጁን አቅፎ ለመውጣት ፋታ ያገኝ ነበር።

ከሁሉም የሚያመኝ ግን ጎፋ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደቡብ ኢትዮጵያ፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ላይ መሬቱ ተንሸራቶ ሰዎች ተቀበሩ። ጎረቤት እንደ ባህላችን ጩኸት ሰምቶ ሮጠ። በእጁም፣ በአካፋም ይቆፍር ጀመር። እነሱ እየቆፈሩ ሳለ መሬቱ እንደገና ተንሸራተተ፤ ሊያድኑ የመጡትንም ዋጣቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ዝናብ የጠጣ ተዳፋት አንዴ ከተናደ ሊደግም እንደሚችል የሚያውቅ አያውቅም? ያውቃል። ቀድሞ ለዚያ ቀበሌ ሰው ያስተማረው ማነው? በዚያ ሰዓት «ቆይ፣ ከላይ የሚጠብቅ ሰው ሳናቆም አንጠጋም» የሚልስ ማን ነበር? ደግነታቸው ነው የገደላቸው። ይሄ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

መሣሪያ የለንም እንዳትሉኝ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ስልክ በደወልን ቁጥር «እጃችሁን ታጠቡ» የሚል ድምፅ እንሰማ አልነበር? የጥቅል ማስታወቂያስ መቼ ቀርቶ ያውቃል? ለጥቅል የሚሆን ቴክስት ለጎርፍ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ስልክ የሌለውስ? እድር አለ። ጡሩንባው ንጋት ላይ ሲነፋ ሰፈሩ በሙሉ ማን እንደሞተ ያውቃል። ይሄን የመሰለ ደጅ ለደጅ የሚደርስ ነገር እዚህ አገር አላየሁም። እንግዲያው ከሞት በኋላ ብቻ ለምን ይነፋል? አዲስ አበባን ውሰዱ፤ የቀበና ወንዝ ከእንጦጦ ነው የሚወርደው። ላይኛው ሰፈር ውሃው ሲያስፈራ ለታችኛው እድር ሊቀመንበር ይደውል፤ ታችኛው ጡሩንባውን ይንፋ። በጀት አይጠይቅም። ሽማግሌውን ማን እንደሚያወጣ፣ ወዴት እንደሚኬድ አስቀድሞ መነጋገር ብቻ ነው።

አሜሪካ ሁሉን ጨርሳለች ማለቴ አይደለም። በሴፕቴምበር 2021 ሮክቪል ውስጥ ከንጋት በፊት ጎርፍ አፓርታማ ገብቶ አንድ ወጣት ሞቷል። ውሃው የገባው ዝቅ ያሉት ቤቶች ውስጥ ነው። ይሄ እኛን ይመለከታል፤ ስንቶቻችን ነን ቤዝመንት ተከራይተን የምንኖረው? ለቶርኔዶ ቤዝመንት ያድናል፤ ለጎርፍ ግን ቤዝመንት ወጥመድ ነው። መልእክቱን ሳያነብ የሚያጠፋ ሰው የትኛው እንደመጣ በምን ያውቃል? መንገድ ላይ የሚፈስ ውሃ 30 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ አነስተኛ መኪና ይዞ ይሄዳል። ሌሊት ኡበር የሚሠሩ ወንድሞቻችን ይሄን ይወቁልኝ።

ደግሞ ስልኩ የሚጮኸው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። ልጅ ሊጠብቁ የመጡ እናቶቻችን ጩኸቱን ሰምተው ይደነግጣሉ እንጂ አያነቡትም። ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚውሉት እነሱ ናቸው። ጩኸቱ ሲመጣ ለማን እንደሚደውሉ፣ የትኛው ክፍል እንደሚገቡ ቁጭ ብላችሁ አሳዩአቸው።

አዲስ አበባ ወንዝ ዳር የምትኖረው እህቴ ባለፈው ክረምት ውሃ ማጀቷ ድረስ ገብቶባት ነበር። የቀሰቀሳት የድስት መንሳፈፍ ነው። የጡሩንባውን ነገር በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ እንድታነሳ ለምኛት እሺ ብላኛለች። ወንዝ ዳር ወይም ተዳፋት ላይ ዘመድ ያላችሁም ክረምቱ ሳይገባ ደውላችሁ ጠይቁልኝ፦ ሌሊት ውሃ ቢመጣ የሚቀሰቅሳችሁ ማነው?