መሳፍንቱ ለፀጉር ቆራጫቸው ሰገዱ

ሻርጃ ውስጥ ስድስት ሆነን ነው አንድ ክፍል የምንኖረው። አንዱ የስሪላንካ ልጅ ነው። አርብ አርብ ፀጉራችንን የሚያስተካክለን እሱ ነው። ባለፈው አርብ ማሽኑን ከጆሮዬ ኋላ እንዳስጠጋ ስልኬ ጮኸ። ከቤት ነው። የእህቴ ጋብቻ ፈረሰ። ሽማግሌዎቹ እንዲመለሱ ተደረገ። ለምን ስል፣ የልጁ አያት ቀጥቃጭ ነበሩ አሉኝ። ቡዳ ናቸው ተብሏል።

የስሪላንካው ልጅ ፊቴን አይቶ ምን ሆንክ አለኝ። ነገርኩት። ማሽኑን አጠፋና ስለ ኡፓሊ ያወራኝ ጀመር።

ኡፓሊ ቡድሃ የተወለደበት የሳክያ ጎሳ መሳፍንት ፀጉር ቆራጭ ነበር። አኑሩድሃ፣ አናንዳና ሌሎቹ የመሳፍንት ልጆች ቡድሃን ተከትለው ሊመንኑ ሲወጡ እሱም አብሯቸው ወጣ። ድንበር ላይ ጌጣቸውን አውልቀው በጨርቅ ቋጥረው ሰጡት። ለኑሮህ ይበቃሃል፣ ተመለስ አሉት። መንገድ ላይ ፍርሃት ያዘው። ልጆቻችንን ገድሎ ዘረፋቸው ብለው ቢገድሉኝስ አለ። ቋጠሮውን ዛፍ ላይ ሰቀለው። ያየ ይውሰደው ብሎ ወደ እነሱ ተመለሰ።

ቀጥሎ ያለውን ሁለቴ አስደገምኩት። ቡድሃ ፊት ሲቀርቡ መሳፍንቱ ራሳቸው፣ እኛ ሳክያዎች ትዕቢተኞች ነን፣ መጀመሪያ እሱን አመንኩስልን አሉ። ቀድሞ ለመነኮሰ ይሰገዳል። ስለዚህ ትናንት ፀጉራቸውን ሲላጭ ለነበረው ሰው ሊሰግዱ ነው። ትዕቢታችን ይሰበር ብለው በገዛ አፋቸው ለመኑ! እኛ ቤት ትዕቢት አይባልም። አጥንት ነው የሚባለው።

ቡድሃ ካረፈ በኋላ 500 መነኮሳት ራጃግሃ በምትባል የሕንድ ከተማ ሲሰበሰቡ፣ የምንኩስናውን ሕግ ተጠይቆ ያስረዳው ይኸው ፀጉር ቆራጭ ነው።

ልጁ ግን አገሩን አላሞገሰልኝም። እ.ኤ.አ. በ1753 ከታይላንድ መጥቶ ምንኩስናውን ያደሰላቸው መነኩሴም ስሙ ኡፓሊ ነበር። ከእሱ የተነሳው ሲያም ኒካያ የሚባለው የመነኮሳት ማኅበር ግን ጎዊጋማ ከሚባለው የገበሬ ዘር ውጭ ያለውን በአብዛኛው አያመነኩስም። ቀረፋ ላጭ የሚባሉት ወገኖች በርማ ድረስ ሄደው መነኮሱና ሌላ ማኅበር አቋቋሙ። በኡፓሊ ስም በር ሲዘጋ! ልጁ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተቀየረ።

እኛስ? አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብ ይቁም ብለው በ1900 ዓ.ም. አውጀው ነበር። ይኸው የእህቴ ሽማግሌዎች ተመለሱ።

ማታ እማዬ ጋ ደወልኩ። የመሳፍንቱን ነገር አወራኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ "የሰው አፍስ ልጄ?" አለችኝ። እዚህ የምሠራው የሕንፃ ሽንት ቤት እያጠብኩ ነው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ የምታውቀው ቢሮ እንደምሠራ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው የነገርኳት።