ማን ያየዋል?

ትናንት ፖስተሬን ከማተሚያ ቤት ተቀብዬ፣ ባጃጅ ውስጥ ገልጬ ሳየው ደሜ ፈላ። ርዕሱ «የሐይቁ ቋንቋ» ነበር። ሁለቱም «ቋ» የሉም! በቦታቸው ባዶ ሳጥን ቁጭ ብሏል። ፋይሉን ሲከፍቱ የኔን ፎንት፣ ማለትም የመረጥኩትን የፊደል ቅርፅ፣ «ቋ» በሌለው ሌላ ተክተውታል።

ፖስተሩ ላይ ያለው የአሞራ ገደል (የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ) ሰማያዊም ወይን ጠጅ ሆኖ ወጥቷል። እሱን እንኳን እረዳለሁ፤ ስክሪን በብርሃን ነው የሚሠራው፣ ማተሚያ በቀለም። ፊደሉ ግን ያንገበግበኛል።

መሠረታዊ ፊደሎቻችን 33 በ7፣ 231 ናቸው። እነ «ቋ» ገና አልተቆጠሩም። የእንግሊዝኛው ትልቁም ትንሹም ተደምሮ 52 ነው። የኛን ፎንት መሥራት ስንት ድካም እንዳለው አስቡት። ለዚህም ነው ምርጫችን ጥቂት የሆነው። ሐዋሳን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ፤ ካፌው፣ ፋርማሲው፣ የሠርግ ካርዱ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ፊደል። ቦታ ሲተርፋቸው ደግሞ ወደ ጎን ይለጥጡታል። «ጠ» እግሮቿን አንፈራጣ ስትቆም አንጀቴን ትበላኛለች።

ተመልሼ ሄጄ ሳሳየው የማተሚያ ቤቱ ልጅ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ማን ያየዋል?»

እኔ አየዋለሁ! ሦስት ሌሊት ያፈጠጥኩበት ሥራ ነው። ነገ ጠዋት አስረክባለሁ፤ እንደገና ማሳተሚያ ብር ከየት ይምጣ?